ስድስት ከሰል፣ አንድ ፍንዳታ፣ የማይስማማ ዕድሜ፦ ቆጠራው ይርዘም ወይስ ናሙናው ይቀየር?

አመዷ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ከአንድ የእሳተ ገሞራ የፓይሮክላስቲክ ፍሰት (የጋለ አመድና ጋዝ ጎርፍ) ክምችት ውስጥ የተለቀሙ ስድስት ከሰሎች በአክሰለሬተር ማስ ስፔክትሮሜትር (ከዚህ በኋላ ኤኤምኤስ) ተለክተው የመጣው የራዲዮካርቦን ዕድሜ ይኸው። ሁሉም ± 25 ናቸው፣ ካሊብሬት አልተደረጉም (ወደ ካላንደር ዓመት አልተቀየሩም)፣ የሚቆጠሩትም ከ1950 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ነው።

ሀ፦ 3345 (ጭራሮ)
ለ፦ 3360 (ጭራሮ)
ሐ፦ 3352 (ጭራሮ)
መ፦ 3410 (የግንድ ስባሪ)
ሠ፦ 3338 (የከሰለ ዘር)
ረ፦ 3495 (የግንድ ስባሪ)

ሁሉም በአሲድ፣ በቤዝ፣ እንደገና በአሲድ ታጥበዋል። ከረ በስተቀር እያንዳንዳቸው 1 ሚሊግራም ገደማ ካርቦን ሰጥተዋል፤ ረ 0.4 ሚሊግራም ብቻ ነው።

ሦስት ነገር ግራ ገብቶኛል። አንደኛ፣ ቆጠራው በአራት እጥፍ ቢረዝም ስህተቱ በግማሽ ወርዶ ± 12 ይሆናል? ሁለተኛ፣ መ እና ረ ከአማካዩ ይውጡ ወይስ ይግቡ? ሦስተኛ፣ የቱንም ባደርግ ካሊብሬት ሲደረግ ክልሉ ከመቶ ዓመት በታች አልጠብ ብሏል። ወደ አሥርና ሃያ ዓመት ማውረጃው መንገድ የት ነው ያለው?

ባለካቶዱ፦

ከአንደኛው ልነሳ። አይሆንም፤ ምክንያቱም ± 25 ውስጥ ያለው ሁሉ ከቆጠራ የመጣ አይደለም።

መጀመሪያ ዓመቱን ወደ ከሺህ ቀይሪው፤ ማሽን ቤት የሚወራው በዚያ ነው። የራዲዮካርቦን ዕድሜ የሚሰላው በ8033 ዓመት አማካይ ዕድሜ ስለሆነ 1 ከሺህ 8 ዓመት ነው፤ ± 25 ደግሞ 3.1 ከሺህ ይሆናል። ይህ የሦስት ነገር ድምር ነው፦ የቆጠራው ስህተት፣ የስታንዳርዱ (ልኩ የታወቀው ማነጻጸሪያ) ስህተት፣ ከዚያም አንዱን ግራፋይት (ናሙናው ለማሽኑ የሚዘጋጅበት ካርቦን) ከሌላው የሚለየው፣ ምንጩን ማንም በትክክል የማይጠቁመው መዋዠቅ። ስታንዳርዱ 0.7፣ መዋዠቁ 1.2 ከሺህ ነው እንበል። የሚደመሩት ስኩዌር እየተደረጉ ስለሆነ ለቆጠራው የሚተርፈው 2.8 ገደማ ነው። ያም ማለት 130,000 ያህል የካርቦን-14 አቶም ተቆጥሯል።

አሁን በአራት እጥፍ ቁጠሪ። የቆጠራው ስህተት ወደ 1.4 ይወርዳል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ግን ንቅንቅ አይሉም። ድምሩ 2 ከሺህ ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፣ ማለትም ± 16 ዓመት። ± 12 ወይም 13 የምታገኚው በ16 እጥፍ ነው። ጊዜውን አስቢው፦ ከአክሰለሬተሩ በኋላ የካርቦን-12 ከረንቱ 20 ማይክሮአምፔር ከሆነ በሰከንድ 125 ትሪሊዮን አቶም ያልፋል። በዘመናዊ ካርቦን ውስጥ ካርቦን-14 ከአንድ ትሪሊዮን 1.2 አቶም ገደማ ስለሆነ ዲቴክተሩ በሰከንድ 150 ይቆጥራል። ያንቺ ከሰል የቀረው የዘመናዊው 66 በመቶ ስለሆነ 100 ገደማ ይቆጠርለታል። 130,000 በ22 ደቂቃ ያልቃል፤ 16 እጥፉ ግን ወደ ስድስት ሰዓት ይጠጋል።

ስድስት ሰዓት የተተኮሰበት ካቶድ (ግራፋይቱ የተጠቀጠቀበት መያዣ) ደግሞ ሲጀምር የነበረው ካቶድ አይደለም። የሲዚየሙ ጨረር ግራፋይቱን እየፋቀ ጉድጓድ ይቆፍራል፤ ጉድጓዱ ሲጠልቅ ከረንቱ ይወርዳል፣ ቀላሉና ከባዱ አይሶቶፕም እኩል መውጣታቸውን ይተዋሉ። ለዚህ ነው ካርቦን-13 በዚያው ማሽን፣ በዚያው ሰዓት አብሮ መለካት ያለበት። ከሌላ ማስ ስፔክትሮሜትር የመጣ የካርቦን-13 ቁጥር ለዚህ እርማት አይሆንም፤ አዮን ምንጩ ውስጥ የተፈጠረውን መዛባት አላየውምና።

የሚሻለው ይህ ነው፦ ከአንዱ ጭራሮ ሁለት ቁራጭ ወስደሽ ለየብቻ አሳጥቢ፣ ለየብቻ ግራፋይት አሠሪ፣ በተለያየ ዊል (ካቶዶቹ የሚደረደሩበት ጎማ) ላይ አስለኪ። እያንዳንዱ ± 16 ከሆነ አማካያቸው ± 11 ገደማ ነው፤ መዋዠቁም አብሮ ይቀንሳል፤ አንድ ካቶድ ላይ መቆየት ግን ይህን መቼም አይሰጥሽም። ላቦራቶሪውን ሁለት ነገር ጠይቂ። በዊሉ ላይ ስንት የኦክሳሊክ አሲድ 2 ስታንዳርድ አለ (በ40 ካቶድ ዊል ላይ ስድስት ካሉ፣ እነሱም ዳር ለዳር ሳይሆን ተበታትነው ከተቀመጡ ደህና ነው)? ዕድሜው በቀለበት ቆጠራ የታወቀ እንጨትስ ከነእጥበቱ አብሮ ተለክቷል? የመዋዠቁን እውነተኛ ልክ የሚነግርሽ ሁለተኛው ብቻ ነው። ስታንዳርዱ አሲድና ቤዝ ውስጥ አልገባም፣ ሁልጊዜም ያምርበታል።

በነገራችን ላይ የማሽኑ ግዝፈት አያታልልሽ። ናይትሮጅን-14 የተረጋጋ ኔጋቲቭ አዮን ስለማይሆን ገና ከአዮን ምንጩ ይቀራል። ሃይድሮጅን ተጣብቆበት 14 የሚመዝነው የካርቦን-12 ወይም የካርቦን-13 ሞለኪውል ደግሞ በስትሪፐሩ (ኤሌክትሮን በሚገፍፈው) ጋዝ ውስጥ ይፈርሳል። በሂሊየም ስትሪፐር 200 ኪሎቮልት ለዚህ በቂ ሆኗል። ለሦስት ሺህ ዓመት ከሰል የሚሊዮን ቮልት ማሽን ፍለጋ መንከራተት አያስፈልግም።

ጭራሮ ለቃሚ፦

ሁለተኛውን እኔ ልያዝ።

ስድስቱን ልኬቶች እርስ በርስ መስማማታቸውን በሚመዝነው በዋርድና ዊልሰን ፈተና ስታስገቢያቸው 29.2 ይመጣል፤ ለስድስት ልኬት የሚፈቀደው 11.07 ነው። ወድቋል። ረን ስታወጪ 5.2 ይሆናል፣ ወሰኑ 9.49፤ ያልፋል። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፦ ፈተናው መን አሳለፈው ማለት መ የፍንዳታውን ዓመት ይናገራል ማለት አይደለም። ከመ ጋር አማካዩ 3361፣ ያለ መ 3349 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት በአንድ የግንድ ስባሪ ተንሸራተተ፤ የምትታገዪውም ለአሥራ ሁለት ዓመት ነው።

የሚወጣውና የሚገባው ዕድሜው ሳይታይ፣ በእንጨቱ ዓይነት መወሰን አለበት። ዛፍ በእያንዳንዱ ቀለበቱ ውስጥ የዚያን ዓመት አየር ነው የሚይዘው። የ150 ዓመት ዛፍ መሐሉ ሲለካ የሚሰጠው የልደቱን ዓመት እንጂ የሞቱን አይደለም። ጭራሮ ሦስት አራት ዓመት፣ ዘር ደግሞ አንድ ወቅት ነው። ስለዚህ ሀ፣ ለ፣ ሐ እና ሠ ይቀራሉ፤ መ እና ረ ውጤታቸው ቢያምርም ባያምርም ከመጀመሪያው አይገቡም ነበር።

ረ ትንሽ ስለሆነ ተበክሎ ነው የሚል ሰው ይመጣል፤ ቀድሜ ልመልስለት። ረ ከአራቱ አማካይ በ146 ዓመት ይበልጣል። በብክለት ይህን ለማምጣት 1.8 በመቶ ሙት ካርቦን (ካርቦን-14 የሌለው)፣ ከ400 ማይክሮግራም ላይ 7 ማይክሮግራም ያስፈልጋል። በደንብ በሚሠራ ላቦራቶሪ ይህ ብዙ ነው። ከአየርና ከእጅ የሚመጣው የተለመደው ብክለት ዘመናዊ ካርቦን ስለሆነ ደግሞ ዕድሜን ያሳንሳል እንጂ አያስረዝምም። የግንድ እምብርት ነው ብትዪ ይቀልሻል።

ትንሽ ናሙና አያሳስብም ማለቴ ግን አይደለም። 100 ማይክሮግራም ካርቦን ላይ 1 ማይክሮግራም ዘመናዊ ካርቦን ሲገባ 3350 የነበረው 3309 ገደማ ይሆናል። አርባ ዓመት፣ በዓይን በማይታይ ነገር። በ1 ሚሊግራም ላይ ግን ያው ብክለት አራት ዓመት ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ 1 ሚሊግራም፤ ካልተገኘ ደግሞ በዚያው መጠን የተሠራ ብላንክ (ብክለቱን ለማወቅ የሚለካ፣ ካርቦን-14 የሌለው ናሙና) አብሮ ይለካ። የ1 ሚሊግራም ብላንክ ለ0.1 ሚሊግራም ናሙና አይመሰክርም።

ስለ እጥበቱም ላንሳ፤ «በአሲድ-ቤዝ-አሲድ ታጠበ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይሸፍናልና። 20 ወይም 30 ሚሊግራም ይዘሽ ጀምሪ፤ ግማሹና ከዚያ በላይ መንገድ ላይ ይቀራል። በማይክሮስኮፕ ስር ሥሮቹን በወረንጦ ልቀሚ፣ የውጪውን ገጽ በምላጭ ፋቂ። 1 ሞላር ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በ80 ዲግሪ ለአንድ ሰዓት፤ ካርቦኔቱን ይወስዳል። በውኃ አጥቢ። ከዚያ 0.1 ሞላር ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ፤ አፈሩ ያስገባውን ሂዩሚክ አሲድ የሚያወጣው ይኸኛው ነው። ፈሳሹ ቡና ሲመስል ይደፋል፣ አዲስ ይጨመራል፣ እስኪጠራ ይደገማል። በደንብ ያልከሰለ እንጨት ግን ራሱ እየሟሟ መልኩን ስለሚያጠቁር መጥራትን ብቻ ስትጠብቂ ናሙናው ከእጅሽ ያልቃል፤ ከ5 ሚሊግራም በታች ሲወርድ አቁሚ። የመጨረሻው አሲድ ለማሳመር የገባ አይደለም። ሞቅ ያለ ቤዝ ከአየር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠጣል፤ ያ ዘመናዊ ካርቦን ነው፤ የሚያስወጣው ይህ አሲድ ነው። ከዚያ ውኃው ገለልተኛ እስኪሆን አጥቦ ማድረቅ።

ይህ ለሦስት ሺህ ዓመት ይበቃል። ለአርባ ሺህ ዓመት ፍንዳታ ግን አይበቃም፦ 40,000 ዓመት በሆነው ከሰል ላይ 1 በመቶ ዘመናዊ ካርቦን ቢቀር ማሽኑ የሚያነበው 32,800 ነው፤ ያውም ከንጹሕ ± ጋር። እንደ ጣሊያኑ ካምፓኒያ ኢግኒምብራይት ላሉ፣ በአርጎን-አርጎን የዕድሜ መለኪያ ዘዴ 39,850 ± 140 ዓመት ለተሰጣቸው ፍንዳታዎች፣ ቤዙን ተከትሎ ጠንካራ የኦክሳይድ እጥበት ይደረጋል፤ ከዚያ ከሰሉ በ330፣ በ630 እና በ850 ዲግሪ ደረጃ በደረጃ ይቃጠላል፤ ለዕድሜ የሚወሰደው የመጨረሻው ጋዝ ብቻ ነው። ቀድሞ የሚቃጠለው ተለጣፊው ነው።

ባለካቶዱ፦

ጭራሮ ለቃሚ በእጥበቱ ላይ የምጨምርልህ የለኝም፣ ከዚያ በኋላ ያለው ግን ለእሳተ ገሞራ ናሙና የራሱ ጣጣ አለው፦ ሰልፈር።

ከሰሉ በኳርትዝ ቱቦ ውስጥ ከመዳብ ኦክሳይድ ጋር በ900 ዲግሪ ይቃጠላል፤ የብር ሽቦ አብሮ የሚገባው ሰልፈርንና ክሎሪንን እንዲይዝ ነው። ከጋዝ መውጫ አካባቢ ለመጣ ከሰል የተለመደው የሽቦ መጠን ላይበቃ ይችላል። ያመለጠው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ቀጥሎ ባለው ደረጃ ላይ የብረቱን ካታሊስት ይመርዘዋል። እዚያ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሃይድሮጅን ጋር በ550 እስከ 600 ዲግሪ፣ ከ2 እስከ 5 ሚሊግራም የብረት ዱቄት ላይ ግራፋይት ይሆናል፤ የሚወጣው ውኃ በብርድ ወጥመድ ወይም በማግኒዚየም ፐርክሎሬት ይያዛል።

መመረዙን የሚነግርሽ የግፊት መለኪያው ነው። ሃይድሮጅኑ ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ 2.2 እጥፍ ሆኖ ከገባ፣ ሪአክሽኑ ሲያልቅ የሚቀረው የሃይድሮጅኑ ትርፍ ብቻ ነው፤ የመነሻው ግፊት 6 በመቶ ገደማ። 20 በመቶ ላይ ተንጠልጥሎ አልወርድ ካለ ግራፋይቱ ጅምር ነው። ጅምር ግራፋይት ቀላሉን አይሶቶፕ አስቀድሞ ስለያዘ ካርቦን-13ቱ ዝቅ ብሎ ይታያል፣ ከረንቱም ይደክማል። እንዲህ ያለውን ካቶድ በእርማት ከማስታመም ቀሪውን ከሰል በእጥፍ የብር ሽቦ እንደገና ማቃጠል ይሻላል። ከላቦራቶሪው የግራፋይት ምርቱን በመቶኛ ጠይቂ፤ መዝግበውታል፣ ሪፖርቱ ላይ ባያወጡትም።

አመዷ፦

አመሰግናለሁ፣ አንደኛውና ሁለተኛው ጠራልኝ። ለሦስተኛው አንድ ነገር ልጨምር፦ በዚያው ክምችት ውስጥ የተጋደመ፣ አንድ ጎኑ ላይ ቅርፊቱ ያልተላጠ የከሰለ ግንድ አለ። በግምት 130 ቀለበት ይኖረዋል። ቀደም ሲል የተተወው «ትልቅ ግንድ አይለካም» በሚል ነበር።

ቀለበት ቆጣሪ፦

ይህን መጀመሪያ መጻፍ ነበረብሽ!

«ትልቅ ግንድ አይለካም» ልክ የሚሆነው ስባሪው ከየት እንደመጣ ካልታወቀ ነው። ቅርፊት ያለው ግንድ ግን ከዘርም ይበልጣል፤ ምክንያቱም የዘሩ ችግር ማሽኑ ሳይሆን የራዲዮካርቦንን ዕድሜ ወደ ካላንደር ዓመት የሚቀይረው ኩርባ ነው። 3350 ላይ የኢንትካል20 ኩርባ ሜዳ ይሆናል፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የበቀለ ዘርና በ16ኛው አጋማሽ የበቀለ ዘር አንድ ዓይነት የራዲዮካርቦን ዕድሜ ይሰጣሉ። የሳንቶሪኒ ፍንዳታ ክርክር ለዓመታት የተንጠለጠለው እዚሁ ሜዳ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ የወይራ ቅርንጫፍ በቀለበቱ ተለክቶ ከ1627 እስከ 1600 ከክ.ል.በ. ተባለ፤ በ2018 ግን በየዓመቱ ቀለበት የተለካ ዛፍ ኩርባውን ራሱን አነቃንቆ ክልሉን ወደ 16ኛው ክፍለ ዘመን ከፈተው። ለአንዱ ዘር ± 5 ብታገኚ እንኳ ሜዳው ሜዳ ነው።

ግንዱ ግን አንድ ነጥብ ሳይሆን የኩርባ ቁራጭ ነው የሚሰጥሽ። 130 ዓመት ወደ ኋላ ሲሄድ ከሜዳው ወጥቶ ተዳፋቱን ይነካል፤ የቁራጩ ቅርጽ ከኩርባው ጋር የሚገጥመው ደግሞ ብዙ ቦታ አይደለም። የኒው ዚላንዱ የታውፖ ፍንዳታ በዚህ መንገድ ነው 232 ± 10 እ.ኤ.አ. የተባለው። አንድ ካቶድ ላይ ስድስት ሰዓት ከመቆየት እያንዳንዳቸው ± 25 የሆኑ አሥራ ሦስት ልኬቶች ግንዱ ላይ ማዋል ይሻላል፤ የማሽን ሰዓቱ እንኳ ያነሰ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከቅርፊቱ በታች ያለውን ቀለበት 1 በዪው። ቢያንስ በሦስት አቅጣጫ ከቅርፊት እስከ እምብርት ቁጠሪ፣ ሦስቱ ካልተስማሙ የት እንደተለያዩ ፈልጊ፤ በአንዱ አቅጣጫ ጠፍቶ በሌላው የሚታይ ቀለበት ይኖራል። የወይራው ቅርንጫፍ ላይ የተነሳው አንዱ ክርክር ይኸው ነበር፣ ወይራ ቀለበቱ በግልጽ አይለይም። ከዚያ ከቀለበት 1 እስከ 5፣ ከ11 እስከ 15፣ ከ21 እስከ 25 እያልሽ አሥራ ሦስት ብሎክ ቁረጪ። መካከለኛ ቀለበቶቹ 3፣ 13፣ 23 እያሉ ይሄዳሉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ልክ አሥር ዓመት ነው። ኦክስካል በተባለው የካሊብሬሽን ፕሮግራም ላይ በዲ-ሲክዌንስ (ክፍተቱ በትክክል ለታወቀ ተከታታይ) ታስገቢያቸዋለሽ፤ ቆጠራው ካጠራጠረሽ በቪ-ሲክዌንስ፣ ለየክፍተቱ ± ሰጥተሽ። የመጨረሻው ክፍተት ከ3 ወደ ቅርፊት መሆኑን አትርሺ፤ እሱ ሲረሳ ፍንዳታው ዝም ብሎ በዓመታት ያረጃል።

ፕሮግራሙ የሚሰጥሽ የስምምነት (ልኬቶቹ ከኩርባው ጋር የመግጠማቸው) ዝቅተኛ ወሰን ለ13 ልኬት 19.6 በመቶ ብቻ ነው፤ ይህን ማለፍ ጀብዱ አይደለም። ከቁጥሩ ይልቅ ሥዕሉን እዪ፦ ብሎኮቹ ከኩርባው በአንድ በኩል ብቻ ተሰልፈው ከሆነ ሁሉም የተጋሩት የእጥበት ወይም የስታንዳርድ መዛባት አለ። ለዚህም ነው አሥራ ሦስቱን በአንድ ዊል ላይ ማስለካት የማይመከረው፤ ተራ በተራ በሁለት ዊል ከፋፍያቸው።

ያልተቃጠለ እንጨት ቢሆን ሴሉሎስ እስኪቀር በሶዲየም ክሎራይት አስነጪው እልሽ ነበር። ከሰል ሴሉሎሱ ተቃጥሎ አልቋል፤ አሲድ-ቤዝ-አሲዱ ይበቃል። ፍንዳታው በደቡብ ንፍቀ ክበብ ከሆነ ደግሞ ኢንትካል20ን ትተሽ ኤስኤችካል20ን ያዢ፤ የደቡቡ አየር በአሥርታት ዓመታት ያረጀ ነው የሚመስለው።

ሌላው መንገድ የሚያኬ ዝላይ ነበር። በ774 እና 775 እ.ኤ.አ. መካከል በከባቢ አየሩ ውስጥ ካርቦን-14 በአንድ ዓመት 12 ከሺህ ዘለለ፤ ይህ የ96 ዓመት ያህል የራዲዮካርቦን ዕድሜ ነው፣ ± 25 የሆነ ማሽን እንኳ ያየዋል። በቻይናና በሰሜን ኮሪያ ድንበር ባለው በቻንግባይሻን እሳተ ገሞራ ፍንዳታ የሞተ ዛፍ ላይ ይህ ቀለበት ተገኝቶ እስከ ቅርፊቱ ሲቆጠር 946 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ላይ ደረሰ፤ በአይስላንድ በካትላ እሳተ ገሞራ ጎርፍ የተቀበረ የበርች ጫካም በዚያው ዘዴ ለ822 እና 823 ክረምት ተሰጥቷል። ላንቺ ዘመን ግን እንዲህ ያለ ዝላይ በእጅ የለም፤ ከክ.ል.በ. በ660 ያለው ሩቅ ነው። ባለሽ ተዳፋት ተጠቀሚ።

ፉማሮል፦

ሁላችሁም የዘለላችሁት አንድ ነገር አለ፦ ዛፉ የተነፈሰው የማንን አየር ነው? ከመሬት የሚወጣ የማግማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ካርቦን-14 የለውም። ዛፉ ከሚወስደው ካርቦን 1 በመቶው ከዚያ ከሆነ በ80 ዓመት፣ 5 በመቶው ከሆነ በ410 ዓመት ያረጃል። በአዞረስ ደሴቶች፣ ፉርናስ ካልዴራ ውስጥ፣ በሕይወት ያሉ ተክሎች እስከ 4,400 ዓመት ያረጁ መስለው ተለክተዋል። ይህን በየትኛውም እጥበት አታወጪውም፤ የእንጨቱ የራሱ ካርቦን ነው። ኤኤምኤሱም ልክ ነው የሚያነበው።

የሚታወቅበት ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ርቀት ነው፦ ያንኑ ቴፍራ (የፍንዳታ አመድ) ከጋዝ መውጫው ርቆ ከተገኘ ቦታ ጭራሮ ለቅመሽ አስለኪ፤ የቅርቡ ከሩቁ በወጥነት የሚያረጅ ከሆነ ነገሩ ጋዝ ነው። ሁለተኛው ግንድሽ ነው። ጋዝ ለመቶ ዓመት በአንድ መጠን አይወጣም፤ በየአሥር ዓመቱ ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ብሎኮቹ ከኩርባው ጋር ያለ ሥርዓት ይጣላሉ። ከእነሱ ሁለቱ ብቻ ወደ ላይ ከዘለሉ በካሊብሬሽን ፕሮግራሙ «አውትላየር» ብለሽ ከመጣልሽ በፊት ይህን አስቢ። ሀ፣ ለ፣ ሐ እና ሠ በ22 ዓመት ውስጥ መሰብሰባቸው ደህና ምልክት ነው፤ ጋዝ አራት የተለያዩ ተክሎችን እኩል አያስረጅም።

ቀለበት ቆጣሪ፦

ልክ ነህ ፉማሮል። በታውፖም ላይ ይኸው ጥርጣሬ ተነስቶ ብዙ አከራክሯል።

ጥቁር ድንጋይ፦

በመሐል ገባሁ፣ ይቅርታ። ከሰል የሚባል ነገር የሌለበት ባዶ የባዛልት ላቫ ላይስ ኤኤምኤስ ምን ይሠራል?

ጭራሮ ለቃሚ፦

ክሎሪን-36። ላቫው ከቀዘቀዘ ጀምሮ የጠፈር ጨረር በካልሲየምና በፖታሲየም ላይ እያረፈ ይሠራዋል፤ ግማሽ ዕድሜው 301,000 ዓመት ነው። የላቫው የራሱ ክሎሪን ኒውትሮን እየያዘ ሌላ ክሎሪን-36 ይጨምራል፣ ያኛው ደግሞ ለማስላት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ድንጋዩን በጥቅሉ ከመፍጨት ፕላጂዮክሌዝ የተባለውን ማዕድን ለይቶ ማውጣት ይሻላል። ናሙናው የሚወሰደው ገመድ የመሰለው የላቫ ቆዳ ገና ካልተፈረፈረበት፣ አመድ ወይም አፈር ሊተኛበት ከማይችል ጉብታ አናት ላይ ነው፤ ተሸፍኖ የኖረ ወለል በዚያ ዘመን ሰዓቱን አልቆጠረም።

የሚፈትነው ሰልፈር-36 ነው፤ ክብደቱ ያው ነው፣ ኔጋቲቭ አዮንም በደስታ ይሆናል። ማዕድኑ በናይትሪክና በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሟሟል፤ በሃይድሮክሎሪክ ግን በጭራሽ፣ ክሎሪን ራስህ ጨመርክ ማለት ነው። ክሎሪኑ በብር ዘቅጦ ብር ክሎራይድ ይሆናል፣ በአሞኒያ ይሟሟል፣ ባሪየም ናይትሬት ሲጨመርበት ሰልፌቱ ባሪየም ሰልፌት ሆኖ ይወርዳል። ተጣርቶ ብር ክሎራይዱ እንደገና በናይትሪክ አሲድ ይዘቅጣል። ሁለት ጊዜ ይደገማል። በማሽኑም በኩል እዚህ የባለካቶዱ ትንሽ ማሽን አይበቃም፤ ሰልፈሩን ከክሎሪኑ በዲቴክተር ለመለየት 5 ሚሊዮን ቮልትና ከዚያ በላይ የተለመደ ነው። ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ በሚከፈትበት ክፍል የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል በእጅ ከሚደረስበት ቦታ አይጥፋ። ከዚህ ዘዴ የአሥር ዓመት ጥራት አትጠብቅ፤ አምስት ወይም አሥር በመቶ ስህተት ደህና ውጤት ነው።

ባለካቶዱ፦

ቤሪሊየም-10ንም አትርሳ፣ ድንጋዩ ላይ ሳይሆን በረዶው ላይ። የፍንዳታ ሰልፌት የሚቆጠርበት የግሪንላንድ በረዶ የዓመት ቆጠራው በመጀመሪያው ሺህ ዓመት በሰባት ዓመት ገደማ መዛነፉ የታወቀው ያው የ775 ዝላይ በቤሪሊየም-10 ሆኖ በረዶው ውስጥ በኤኤምኤስ ሲለካ ነው። ቤሪሊየሙ ከቀለጠው በረዶ በካሪየር (ሆን ተብሎ በሚጨመር ተራ ቤሪሊየም) ተሰብስቦ፣ ኦክሳይድ ሆኖ፣ ከኒዮቢየም ዱቄት ጋር ካቶድ ውስጥ ይጠቀጠቃል፤ እዚያ ጠላቱ ቦሮን-10 ነው። በዛፍና በበረዶ አንድ ምልክት መኖሩ ነው ሁለቱን ያስታረቃቸው።

አመዷ፦

የመጨረሻ ጥያቄ ለቀለበት ቆጣሪ። ግንዱ ርጥብ ነው፣ ሲነኩትም ይፈረካከሳል። በሙጫ ወይም በፓራፊን ላጠንክረው?

ቀለበት ቆጣሪ፦

በፍጹም! ፓራፊን የፔትሮሊየም ልጅ ነው፣ ሙት ካርቦን፤ ቀዳዳ ውስጥ ከገባ አሲድና ቤዝ አያወጣውም፣ 1 በመቶ ቢቀር 80 ዓመት ነው። ሙጫም እንደዚያው።

ከነአፈሩ ዙሪያውን ቆርጠሽ አንሺው፣ በአሉሚኒየም ፎይል ጠቅልይው፣ ላዩን በፕላስቲክ አስሪው፤ ጥጥና ወረቀት እንዳይነካው፣ ክራቸው ዘመናዊ ካርቦን ነው። ፀሐይ ላይ አታድርቂው፣ ሲደርቅ በቀለበቱ መስመር ይሰነጠቅና የቆጠርሽው ይጠፋብሻል። ርጥቡን አቀዝቅዘሽ አቆይው፤ በረዶ ሆኖ ሳለ በስለታም ምላጭ ስትቆርጪው ቀለበቱ ጥርት ብሎ ይታያል። ቅርፊት ያለበትን ጎን ከማንሳትሽ በፊት በመርፌ ምልክት አድርጊበትና ከመለኪያ ጋር ፎቶ አንሺው፤ ቅርፊቱ በጉዞ ላይ ከተላጠ ቀለበት 1 የትኛው እንደነበር የሚያሳይሽ ያ ፎቶ ነው።